ለጋሼ ጊታር እንጨት ስንመርጥ

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ዜና መዋዕል 22፥1-5

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እንጨት ነው። "ስለ እንጨት ምን መንፈሳዊ ነገር ይወራል?" የሚል ካለ፣ የኖኅን መርከብ፣ የሙሴን ታቦትና የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ ያስታውስ፤ መጽሐፍ ቅዱስ የእንጨታቸውን ዓይነት ሳይቀር ጽፎልናል። ታቦቱ የተሠራው እኛ አገር በየሜዳው ከምናውቀው ከግራር ነው።

ኅብረታችን በደቡብ ጀርመን፣ በኑረምበርግ ከተማ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በተከራየነው አዳራሽ ትሰበሰባለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጊታር ያገለገሉን አንድ አባት አሉ። ስማቸውን አንጽፍም፤ እኛም ብንሆን በስም አንጠራቸውም፣ ለሁላችንም "ጋሼ" ናቸው። ዕድሜያቸው 71 ነው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ የግራ እጃቸውን ጣቶች ቁርጥማት ይዟቸዋል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸው አልታጠፍ ይላሉ፤ ከዝማሬ በኋላ ደግሞ እጃቸውን በብብታቸው ይዘው ሲቀመጡ እናያለን። ጸለይን፤ ሐኪም ቤትም ሄዱ። ሕመሙ ቀለል አለ እንጂ አልሄደም። በዚህ ላይ ጆሯቸው እየደከመ መጣ።

ሽማግሌዎቻችን ተሰብስበው ለጋሼ እጅ የሚመጥን ጊታር በባለሙያ እንዲሠራላቸው ወሰኑ። ጉዳዩን እንድንከታተል ሦስት ሰዎች ተመደብን፤ አንዳችን ከመዘምራን፣ አንዳችን ቤዝ ጊታር የሚጫወት፣ አንዳችን ደግሞ የኅብረቷ ሒሳብ ያዥ። በዚህ ጽሑፍ "እኛ" የምንለው እነዚህን ሦስት ነው።

ገና ሳንጀምር አንዲት እኅታችን በጉባኤ ተነሥታ፣ "ለአንድ ጊታር 6,500 ዩሮ? አገር ቤት ወገን ተፈናቅሎ በየመጠለያው እያደረ?" አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ስለ ሽቱው የተጠየቀው ጥያቄ የሁሉም ልብ ውስጥ መጣ፤ አንዱም ወንድም ቶሎ ብሎ ያንኑ ጠቀሰባት። እኛ ግን ይህን አልወደድነውም። ይሁዳ የጠየቀውን የሚጠይቅ ሁሉ ይሁዳ አይደለም። እኅታችን የወንድሟ ቤተሰብ ከቀዬው የተነሣባት ናት። ስለዚህ ገንዘቡ ከአሥራትና ከመባ አይነካም፣ ፈቃደኛ የሆነ ብቻ ለብቻው ይሰጣል፣ ከተሰበሰበው የሚተርፍ ካለም ወደ እነዚያ ወገኖች ይሄዳል ተባለ። ይህ ውሳኔ በኋላ እንጨት ስንመርጥ አብሮን ነበር፤ እያንዳንዱ ጣውላ ዋጋ አለውና።

ከኑረምበርግ ወደ ሰሜን፣ ኤርላንገን ከተማ አጠገብ ቡበንሮይት የሚባል መንደር አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ካለችው ከሾንባክ ከተማ የተባረሩ ጀርመናውያን የቫዮሊንና የጊታር ሠሪዎች የሰፈሩበት ቦታ ነው። ያቺ ትንሽ የገበሬ መንደር ከነባር ነዋሪዎቿ የሚበዙ ስደተኞችን ተቀብላ የሙዚቃ መሣሪያ መንደር ሆነች። የባቢሎን ምርኮኞች በገናቸውን በዛፍ ላይ ሰቀሉ፤ እነዚህ ደግሞ ባዶ እጃቸውን መጥተው አዲስ በገና ሠሩ። እኛም በሰው አገር የምንዘምር ነንና ነገሩ ልባችንን ነካው። በዚያ አካባቢ በምትሠራ አንዲት ጊታር ሠሪ ዘንድ ቀጠሮ ያዝን።

የመጀመሪያው ጥያቄዋ ስለ ገንዘብም ስለ ውበትም አልነበረም። "ሰውዬው ሲጫወቱ እጃቸው ከባድ ነው ወይስ ቀላል?" አለች። እርስ በርሳችን ተያየን። በየሳምንቱ ስንሰማቸው ኖረን እንዲህ ብለን አስበን አናውቅም። መልሱ ግን ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ውስጥ ነበር። ጋሼ ጊታር የለመዱት በደርግ ዘመን፣ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው በሚሰበሰቡበት ጊዜ ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል፣ ዝማሬው በሹክሹክታ ነው። እሳቸው ከክሮቹ ሥር ጨርቅ አጥፈው ይወትፉና በአውራ ጣታቸው ሥጋ ብቻ፣ ጥፍር ሳያስነኩ ይመታሉ። ያ ዘመን ካለፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እጃቸው ግን ዛሬም ጎረቤት እንዳይሰማ የሚፈራ ይመስል እንደዚያው ለስላሳ ነው። ይህን ስንነግራት ጻፈችው። በትእዛዝ መዝገቧ ላይ "ለስላሳ ቀኝ እጅ" የሚለው ከስማቸው ቀጥሎ ሰፍሯል።

ከዚያ ወደ እንጨቱ ሄድን። የክላሲካል ጊታር ድምፅ በዋናነት ከፊት ገበታው ነው የሚወጣው። ስድስቱ የናይለን ክሮች ሲቃኙ በአንድ ላይ ወደ 40 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ይስባሉ፤ ይህን የሚሸከመው ገበታ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከውስጥ በኩል እንደ እጅ ጣቶች የተዘረጉ ቀጫጭን ዘንጎች ደግፈው ይይዙታል። ይህን አሠራር ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያጸናው ከአልሜሪያ የተነሣው ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ነው። ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ፊቱን ከእንጨት፣ ጀርባውንና ጎኑን ግን ከካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቷል። ድምፁን የሚወስነው ፊቱ መሆኑን ለማሳየት ነበር። ጊታሩ እስካሁን ባርሴሎና በሚገኘው የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ አለ።

ይህን ከሰማን በኋላ ስለ ጀርባው እንጨት መጨነቃችን ቀነሰ። ያለዚያ ገንዘብ የሚበላው ክፍል እሱ ነበር። ብዙ ሰው የሚመኘው የብራዚል ሮዝውድ ጥቁርና ቡናማ መስመሩ እንደ ወንዝ የሚፈስ፣ እጅግ ያማረ እንጨት ነው። ነገር ግን ዛፉ በመመናመኑ እ.ኤ.አ. በ1992 ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ተከልክሏል። ከክልከላው በፊት የተቆረጠ አሮጌ እንጨት ሊገኝ ቢችልም፣ ድንበር ባሻገሩት ቁጥር ወረቀት ያስፈልገዋል። ጋሼ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ አዲስ አበባ ሲሄዱ ጊታራቸውን ሳይዙ አይሄዱም። አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ይህን ጊታር ሲወስድባቸው አሰብንና ገና ዋጋውን ሳንጠይቅ ተውነው። የህንድ ሮዝውድ ሕጉ ቀለል ያለለት ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ጥሩ ጊታር የሚሠራውም ከእሱ ነው። ሠሪዋ ግን ከጓዳዋ የዋልነት ጣውላ አውጥታ አሳየችን፤ እዚሁ ጀርመን የበቀለ፣ ለዓመታት የደረቀ። ከህንዱ 400 ዩሮ ይቀንሳል።

"ድምፁስ?" አልናት።

በእንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙትን ጥናት ነገረችን። ጀርባና ጎናቸው ከስድስት የተለያዩ እንጨቶች የተሠሩ፣ በሌላው ሁሉ ተመሳሳይ የሆኑ ጊታሮች ለ52 ተጫዋቾች ተሰጡ፤ የትኛው የቱ እንደሆነ በዓይናቸው እንዳይለዩ ተደረገ። ውዱንና ርካሹን በድምፅ መለየት አቃታቸው። የተሞከሩት የብረት ክር ጊታሮች ስለሆኑ ለእኛ ቀጥተኛ ማስረጃ አይሆኑም ይሆናል፤ ግን በቂ ነበር። ዋልነቱን መረጥን። 400 ዩሮውም እኅታችን ላነሣችው ጉዳይ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ፤ ስላሳቀን ነው። አንዳችን በደስታ "አንገቱስ ከሴዳር ነው? ሴዳር እኮ የሊባኖስ ዝግባ ነው!" ብሎ ቤተ መቅደሱን ሊያስታውሰን ጀመረ። ሠሪዋ ሳትወድ በግድ አረመችው። ለአንገት የሚሆነው "የስፔን ሴዳር" ስፔን የማይበቅል፣ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው፤ ዘመዱም ማሆጋኒ ነው። ለፊት ገበታ የሚሆነው "ቀይ ሴዳር" ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የሚመጣ፣ የሳይፕረስ ቤተሰብ የሆነ ሌላ ዛፍ ነው። የሰሎሞን ዝግባ ከሁለቱም አይደለም። እኛ አገር "ዝግባ" የምንለው ረጅሙ ዛፍ ደግሞ ከሦስቱም የተለየ ነው። አራት ዛፍ በአንድ ስም! ለስብከት የሚጣፍጥ ነገር ሁሉ እውነት ላይሆን ይችላልና ወንድማችን ምሳሌውን ተወው። ይልቅስ 1ኛ ነገሥት 10ን ያነበበ፣ ሰሎሞን ከኦፊር በመጣው ውድ እንጨት ለመዘምራን መሰንቆና በገና እንዳሠራ ያገኛል። ለዝማሬ መሣሪያ እንጨት መምረጥ እንግዲህ የኛ ፈጠራ አይደለም።

የጣት ሰሌዳው ከኢቦኒ ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ "ዞጲ" የሚባለው ጥቁርና ጠንካራ እንጨት። ምርጫው በሁለት መካከል ነበር፤ ድፍን ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር ያለበት። የጊታር ፋብሪካ ባለቤት የነበረው አሜሪካዊው ቦብ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2011 ከስፔን ድርጅት ጋር ሆኖ ካሜሩን ውስጥ የኢቦኒ መሰንጠቂያ ሲገዛ አንድ ነገር ደረሰበት። ቆራጮች ዛፉ ጥቁር ይሁን አይሁን ሳይቆርጡት ማወቅ አይችሉም፤ ስለዚህ ይቆርጡታል፣ መስመር ካለበት ገዢ የለውምና ጫካ ውስጥ ጥለውት ይሄዳሉ። እንጨቱ ምንም አልጎደለውም፤ የጎደለው ቀለም ነው። ያንን የተጣለ እንጨት ነው ገዝቶ ለጊታር ያዋለው። ይህን ስንሰማ ከሦስታችን አንድም ሰው ድፍን ጥቁሩን ለመምረጥ አፉን አልከፈተም።

ቀጥሎ ጋሼን ራሳቸውን ይዘናቸው ሄድን፤ እጃቸው መለካት ነበረበት። ሠሪዋ መዳፋቸውን ወረቀት ላይ አስቀምጣ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመረች፤ ጣቶቻቸው ያለ ሕመም የሚዘረጉበትን ርቀት ለካች። የተለመደው የክላሲካል ጊታር የክር ርዝመት፣ ከአንገቱ ጫፍ እስከ ታችኛው መቆሚያ፣ 650 ሚሊ ሜትር ነው። 640 እና 630ም ይሠራል። 20 ሚሊ ሜትር ምን ያመጣል ብለን ነበር። ስታሰላው፣ በ650ው ከአንገቱ ጫፍ እስከ አራተኛው ፍሬት 134 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ630ው 130። አራት ሚሊ ሜትር ለኛ ምንም ነው፤ ለታመመ ትንሽ ጣት ግን መድረስና አለመድረስ ነው። ከዚህም ሌላ ክሩ ሲያጥር የሚስብበት ኃይል ስድስት በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ለመጫን ይለሰልሳል።

እዚህ ጋ ሒሳብ ያዣችን ሲያመነታ አየነው። በኋላ እንደነገረን፣ በየረቡዑ ለጋሼ እጅ ፈውስ እየጸለይን ለታመመ እጅ የሚሆን ጊታር ማዘዝ አለማመን መስሎት ነበር። ጥያቄውን በጎን ለጋሼ አቀረበላቸው። እሳቸውም ሳቁና፣ "እጄ ከተፈወሰ በአጭሩም እጫወታለሁ" አሉት። 630 ተብሎ ተጻፈ።

ስለ ጆሯቸው ሠሪዋ ያቀረበችውን እኛ ሰምተንም አናውቅም ነበር። በጊታሩ የላይኛው ጎን፣ ወደ ተጫዋቹ ፊት በኩል፣ ተጨማሪ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል። የፊቱ ቀዳዳ ድምፁን ለጉባኤው ይልካል፤ የጎኑ ለራሱ ለሚጫወተው። ጋሼ እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ያለበትን አንድ ጊታር አንሥተው ጥቂት መቱና ቆሙ። ቀዳዳውን በመዳፋቸው ከደኑት፣ ከፈቱት፣ እንደገና ከደኑት። "ለካ እንዲህ ነበር የሚለው" አሉ። ለ80 ዩሮ ጭማሪ ማንም አልተከራከረም። አውስትራሊያዊው ግሬግ ስሞልማን ስላስፋፋው፣ ከውስጥ እንደ ወንፊት በተጠላለፉ ዘንጎች ስለሚሠራው ኃይለኛ ድምፅ ስላለው ጊታርም ነግራን ነበር፤ እሱ ግን አዳራሽ በኮንሰርት ለሚሞላ ሰው ነው። የእኛ አዳራሽ ማይክሮፎን አለው።

ቀረ የፊቱ ገበታ፤ ስፕሩስ ወይስ ቀይ ሴዳር።

ለብዙ ዘመን ጥሩ ጊታር ማለት ፊቱ ስፕሩስ የሆነ ማለት ነበር፤ በአልፕስ ተራሮች ብርድ ውስጥ በዝግታ የሚያድግ ነጣ ያለ እንጨት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የማድሪዱ ሆሴ ራሚሬዝ ሦስተኛ ቀይ ሴዳርን አስገባ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጎን ለጎን አሉ። ሴዳር ለስላሳና ቀላል ነው፤ ድምፁ ሞቅ ያለ፣ በትንሽ ንክኪ የሚነሣ፤ ጊታሩ ተሠርቶ ባለቀበት ቀን ያለውን ሁሉ ይሰጣል። ስፕሩስ ጠንከር ይላል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ አንዱ ክር ከሌላው ተለይቶ ይሰማል። ሠሪዎችና ተጫዋቾች እንደሚሉት ግን መጀመሪያ ዝግ ነው፤ በተጫወቱበት ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየተከፈተ ይሄዳል።

ሠሪዋ ይህን ስትናገር ሁላችንም ወለሉን አየን። ማንም አልተናገረም እንጂ ሒሳቡን ሦስታችንም ሠርተነዋል። ለ71 ዓመት ሰው፣ ለዚያውም እጁ ለስላሳ ለሆነ ሰው፣ መልሱ ሴዳር ነው። ዛሬ የሚዘምር ጊታር ይሁንላቸው። ቤት ሆነን የተስማማነውም ይህንኑ ነበር፤ የቀረው እሳቸውን ሳያሳዝኑ ማስረዳት ብቻ ነው ብለን ነበር።

ሁለት ያለቁ ጊታሮች አቀረበችላቸው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው በትዝታ ቅኝት አንድ የቆየ ዝማሬ በሴዳሩ መቱ። ወርክሾፑ በሙሉ ሞቀ ብንል አላጋነንም። "ይሄስ ገና ሳልነካው ይናገራል" አሉ። ስፕሩሱን አነሡ፤ ያንኑ ዝማሬ መቱ። በክራር ዓይነት የሚያንቀጠቅጧቸው ትንንሽ ድምፆች አንድ በአንድ ተለይተው ተሰሙ፤ ሙቀቱ ግን አነሰ። "ይሄ ደግሞ ዓይን አፋር ነው" አሉ። ተርጉመን ስንነግራት ሠሪዋ ሳቀችና፣ አዎ፣ ጊዜ ይፈልጋል አለች።

"ስንት ጊዜ?"

"አምስት ዓመት። አሥርም ሊሆን ይችላል፣ በየቀኑ ከተጫወቱበት።"

ጋሼ ገና ያልተሠራውን የስፕሩስ ጣውላ እንድታሳያቸው ጠየቁ። አንድ ግንድ ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ የተከፈተ፣ መስመሮቹ እንደ ጥለት ክር የተደረደሩ። በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ አሥር ያህል መስመር፤ አንዱ መስመር አንድ ዓመት ነው። ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ወደ 180 ዓመት። ዐፄ ምኒልክ ሳይወለዱ የበቀለ ዛፍ መሆኑ ነው። ጋሼ በጥፍራቸው መስመሮቹን እየተከተሉ ትንሽ ቆዩና፣ ማናችንም ያላሰብነውን ጠየቁ። "ከእኔ በኋላ ማን ነው የሚይዘው?"

ዝም አልን። መልሱን ግን እናውቀዋለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ የሚያስተምሯት አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አለችን፤ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋ የሚሰባበር፣ ትዝታን ግን እንደ አፍ መፍቻዋ የምትመታ።

መዘምሯ ከመካከላችን፣ "ጋሼ፣ ስጦታው እኮ ለእርስዎ ነው" አለቻቸው።

"አውቃለሁ፣ ልጄ። የኔ ከሆነ እንግዲህ እኔ ልምረጥ።"

ሠሪዋ ስለ ለስላሳው እጃቸው አስባ፣ ስፕሩሱን ትንሽ ሳሳ፣ የውስጡን ዘንጎችም ቀለል አድርጋ ልትሠራው እንደምትችል ነገረችን። እንጨቱ ብቻ ሳይሆን የሠሪው እጅም ድምፁን ይወስናል አለች። እንደ ሴዳሩ ግን በመጀመሪያው ቀን አይናገርም። ጋሼ "ይሁን" አሉ።

በመኪና ስንመለስ ጋሼ ከኋላ ወንበር አንቀላፉ። ፊት ያለነው በዝግታ ተከራከርን። ከሦስታችን ሁለታችን ደስ አላለንም። ምእመናን ገንዘባቸውን የሰጡት ጋሼ በቀራቸው አገልግሎት እንዲደሰቱበት ነው፤ አሁን ግን ጊታሩ ሙሉ ድምፁን የሚሰጠው ምናልባት ለሌላ ሰው ነው። ለምን የዛሬውን ደስታ እምቢ አሉ? ከዚህ ሥር ደግሞ ሒሳብ ያዣችን ያነሣው ነገር እንደገና መጣ። እኛ ዕድሜና ፈውስ እየለመንንላቸው እሳቸው "ከእኔ በኋላ" ማለታቸው፣ ጸሎታችንን ትተውት ይሆን?

በዚያው ሳምንት የረቡዕ ጸሎት ላይ ከላይ የጠቀስነውን ክፍል አነበብን። ዳዊት ቤተ መቅደሱን እንደማይሠራ ተነግሮታል። ሆኖም ድንጋይ ያስጠርባል፣ ብረት ያከማቻል፣ ከሲዶናና ከጢሮስ ሰዎች ቁጥር የሌለው የዝግባ እንጨት ይቀበላል። ምክንያቱንም ራሱ ይናገራል፤ ልጁ ገና ብላቴና ነው፣ ቤቱ ደግሞ ታላቅ መሆን አለበት። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ሁልጊዜ ግን ወደ ሰሎሞን ለመድረስ እንደ መሸጋገሪያ ነበር የምናነበው። በዚያ ምሽት ዳዊት ጋ ቆምን። አንድ ንጉሥ በሽምግልናው በየቀኑ ወጥቶ፣ ሽታውን እንጂ ሕንፃውን የማያይበትን እንጨት ሲያስቆጥር በዓይናችን መጣ። ጽሑፉ እያዘነ ነው የሠራው አይልም።

ቤዝ ተጫዋቹ ወንድማችን ግን በቀላሉ አልተሸነፈም። "ዳዊትን 'አንተ አይደለህም' ያለው እግዚአብሔር ነው። ለጋሼ እንዲህ ያለ ማን አለ?" አለ። ትክክል ነው፤ ማንም አላለም። ያንን ጥያቄ ይዘን ወደ ጋሼ ሄድን፤ ቤታቸው ቡና እየተፈላ። በረጅሙ ሰሙንና፣ እጃቸውን እያሹ እንዲህ አሉ። "በድብቅ ስንዘምር አንድም ቀን በአደባባይ እንዘምራለን ብዬ አላሰብኩም። ያኔ የለመድኩትን ነው ዛሬ እናንተ የምትሰሙት። እኔ ለማን እንደምለማመድ አውቄ አላውቅም።" ቀጥለውም ለፈውሳቸው መጸለያችንን እንዳናቆም አሳሰቡን፤ ቡናውም ሦስተኛው ላይ ደረሰ።

እኛ ይህን ስንጽፍ ከሁለታችን አንዳችን አሁንም ሴዳር ይሻል ነበር ይላል። ይህንንም ጋሼ ያውቃሉ፤ በተገናኙ ቁጥር "ሴዳር እንዴት ነህ?" ይሉታል።

ትእዛዙ ተፈርሟል። ፊቱ የአልፕስ ስፕሩስ፣ ጀርባና ጎኑ ዋልነት፣ አንገቱ ስፔን የማያውቀው የስፔን ሴዳር፣ የጣት ሰሌዳው መስመር ያለበት ዞጲ፣ የክሩ ርዝመት 630 ሚሊ ሜትር፣ በጎኑ ቀዳዳ ያለው። ቀለሙ በማሽን የሚረጭ አይደለም፤ በአልኮል የተሟሟ ሼላክ በጨርቅ እየታሸ ይቀባል፣ ቢጫርም ማደስ ይቻላል። ጀርመን ክረምት ላይ የቤት ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቅና እንጨት ስለሚሰነጥቅ፣ ሣጥኑ ውስጥ የሚቀመጥ የእርጥበት መለኪያ ገዝተናል፤ አዲስ አበባ በጋ ሲሄዱም ያስፈልጋቸዋል። ተራው እስኪደርስ 14 ወር ይወስዳል።

ያልተወሰነው በፊቱ ቀዳዳ ዙሪያ የሚገባው ጌጥ ብቻ ነው። ከጥቃቅን ባለ ቀለም እንጨቶች እየተገጣጠመ እንደ ስፌት የሚሠራ ነው። ሠሪዋ ከአገራችሁ የሆነ ንድፍ ካለ አምጡልኝ ብላ ነበር። በጉባኤ ተነሥታ የጠየቀችው እኅታችን የእናቷን መሶብ አውሳናለች፤ አሁን ቡበንሮይት አካባቢ ባለ ወርክሾፕ መደርደሪያ ላይ ነው። ልጅቷ ቀይና አረንጓዴው ይግባ ትላለች፤ ጋሼ ጥቁርና ቢጫው ይበቃል ይላሉ። ለጋሼ ጣቶችና ለሠሪዋ እጅ ጸልዩልን።